ቀላ ማለት ምን ማለት ነው

አወል አርጅቷል አሉኝ። ይርጅ! እኔ እኮ ሰላት በጨረስኩ ቁጥር እጄን ዘርግቼ ለልጆቼ ጤና፣ ለሞቱት ራህመት፣ ለአወል ደግሞ ረጅም ዕድሜ ስለምን ነው የኖርኩት። ጎረቤቶቼ ስሙን ከአፌ ሲሰሙ "ማሻአላህ ሰዓዳ፣ ለበደለሽ ሰው እንኳ ዱዓ ታደርጊያለሽ" ይሉኛል። ዱዓው ምን እንደሆነ አያውቁማ። ያ ረቢ፣ እኔ ሳላገኘው እንዳትወስደው ነው የምለው። ጥርሱ ይርገፍ፣ ጉልበቱ ይያዝ፣ ግን ጆሮው አይደፈን፣ አእምሮውም አይሳት። ያን ሁሉ ዘመን የለመንኩትን አላህ ሰሞኑን ሰጠኝ፤ የሰጠኝም በገዛ የልጅ ልጄ እጅ ነው።

የልጅ ልጄ ረምላ ትባላለች። እዚህ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ፖሊስ ናት። ጠዋት ጠዋት ሸሚዟን ስትተኩስ ሳያት ሆዴ ሁለት ይሆናል፤ ግማሹ ይኮራል፣ ግማሹ ይሸማቀቃል። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እየፈታች "አኮ" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። "ቅዳሜ ሥልጠና አለን። በጦርነቱ ዘመን ከነበረው የፀጥታ ሥራ የዛሬ ፖሊስ ምን ይማራል የሚል ነው። የከተማው ሽማግሌዎችም ተጋብዘዋል። አለቃችን፣ አያትሽን አምጫት፣ የድሮ ጅማን የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው ብሎኛል።" "ማነው የሚያስተምራችሁ?" አልኳት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። "አንድ ትልቅ ሰውዬ ናቸው። ያኔ ፀጥታ ውስጥ ይሠሩ ነበር አሉ። ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ኖረው አሁን ተመልሰዋል። ሐጅ ሊሄዱ ስለሆነ የከተማውን ሰው አውፍ በሉኝ እያሉ ይቅርታ እየጠየቁ ነው። ኦቦ አወል ይባላሉ።" ጅማ ውስጥ አወል ብዙ ነው፤ በዱዓዬ የምትሰማው አወል መሆኑን አላወቀችም።

አውፍ እየጠየቀ! ጁምዓ ዕለት ከሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ቆሞ "ያስቀየምኳችሁ አውፍ በሉኝ" ማለቱን ሰምቻለሁ። ሰዉም ደግ ነው፣ "አውፍ ብለናል፣ አላህ ይቀበልህ" ብሎ አሰናበተው። በጅምላ ቡና ይሸጣል እንጂ አውፍ በጅምላ አይጠየቅም። የኔ ቤት ከመስጊዱ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው፣ ግን ወደዚህ አላለም። የሚፈራውን ያውቃል። በእኛ ሃይማኖት አንተና አላህ መሀል ያለውን አላህ ይምርሃል፤ የሰው ሐቅ ግን ያው ባለቤቱ ካልተወልህ እስከ አኺራ፣ እስከ ወዲያኛው ዓለም ይከተልሃል። እሱ በሕፃንነቱ ቁርኣን ቤት ከወንድሜ ጎን ተቀምጦ የተማረው ነው፣ አልረሳውም። እንግዲህ ሐጁ የተንጠለጠለው እኔ ደጃፍ ላይ ነው። "እመጣለሁ" አልኳት ረምላን። "ነገ ገበያ ውጪና ጀንፈል ግዢልኝ። የአጋሮ ይሁን፣ ሌላውን አታምጪብኝ።"

ጀንፈሉ መጣ። ከነልብሱ የደረቀ ቡና ሽታው እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ ጣፋጭም ነው፣ አፈር አፈርም ይላል። ከረጢቱን ፈትቼ አፍንጫዬን ሳስጠጋ በቾ ቦሬ ጠፍቶ ሒርማታ ገበያ ጥግ፣ ወንድሜ ተማም የስፌት መኪናውን ያቆመበት በረንዳ ላይ ተገኘሁ። ተማም ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ጅማ ቤልቦተም የሚሉት ሱሪ ገብቶ ነበር፤ ከጉልበት በታች እየሰፋ ይሄድና ጫማውን ይውጠዋል፣ ክረምት ላይ የሒርማታን ጭቃ ይጠርጋል። ጎፈሬ ያበጠረ፣ የቴትሮን ሸሚዝ አንገትጌው ትከሻ ላይ የተዘረጋ ጎረምሳ ሁሉ ፈረንጅ አራዳ ሲኒማ ቤቱ ደጅ ከመቆሙ በፊት ተማም ጋ ይመጣል። ማሰፊያው ሦስት ብር ነበር፤ ዛሬ በሦስት ብር ክሩንም አትገዛም። እኔ ቁልፍ ልተክልለት አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ይዘፍናል፤ ድምፁ ሸካራ ነበር፣ ዜማም አይጠብቅም፣ ግን አያፍርም። "ተማም፣ ሰው እኮ ይሰማሃል" ስለው "ይስማ! ሲሰለቸው ከፍሎ ይሄዳል" ይለኛል። ያ በረንዳ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የትኛው ጦርነት እንደሆነ ልጆች ይጠይቁኛል፤ ለእኔ አንድ ናቸው፣ ሬዲዮው ዘፈን ትቶ ማርሽ የጀመረበት ጊዜ ነው። ስኳር በቀበሌ ሆነ፣ ዳቦ በሰልፍ ሆነ፣ ጎፈሬ በመቀስ ሆነ። ቤልቦተም የለበሰ ጎረምሳ መንገድ ላይ ይያዝና ሱሪው ከጉልበቱ በታች ይቀደድለታል። ተማም የቀደዱትን እየሰፋ፣ የሰፋውን እየቀደዱ ከረሙ። በኋላ እሱም ተጠራና ለዘማች ካኪ እንዲሰፋ ታዘዘ። ካኪው ድርቅ ያለ ነው፣ መርፌ ይሰብራል። በዘፈን ፈንታ በዝምታ መስፋት የጀመረው ያኔ ነው።

አወል የአጥር ጎረቤታችን ነበር። እናቱ ስለሞተች ያደገው እኛ ገበታ ላይ ነው ብል ውሸት የለበትም። እናቴ ለተማም ስትቆርስ ለሱም ትቆርሳለች፤ ተማምን ስትገርፍ ለሱም አትሰስትም። ቀበሌው አብዮት ጠባቂ ሲመለምል ገባ። የሰጡት ዩኒፎርም እንደ ጆንያ ሰፋው፤ ቀጭን ነበር፣ ወገቡን አጥብቆ ቢይዝም ሱሪው ይወርዳል፣ ልጆች ይስቁበታል። ይዞት የመጣው ማን ጋ ነው? ተማም ጋ። ተማም ወገቡን አስገባለት፣ ትከሻውን አነሳለት፣ እጀታውን አሳጠረለትና "አሁን ሰው መሰልክ" አለው። ሳንቲም አልተቀበለውም። ያቺን ልብስ ለብሶ ያደረገውን ሳስብ አንዳንዴ ወንድሜን ራሱን እቆጣዋለሁ። ምናለ እንደወረደበት በተወው!

የፀጥታው አዛዥ ሻምበል ነበር፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ። ስሙን ባነሳው ለሱ ክብር ይሆናል፣ ይቅርብኝ። ረጅም፣ ጥርሱ ነጭ፣ ሲስቅ ጨዋ የሚመስል ሰው ነበር። አንድ ቃል ኦሮምኛ አያውቅም። አስቡት እንግዲህ፣ ከሒርማታ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ሸቤ ሕዝቡ የሚገዛው፣ የሚሸጠው፣ የሚወልደው፣ የሚያለቅሰው በኦሮምኛ ነው፤ ጠብቅ ተብሎ የተላከው ሰው ደግሞ አንድ ቃል አይሰማም። ስለዚህ አወልን ጆሮው አደረገው። የሄደበት ይዞት ይሄዳል፤ ገበያ ይዞት ይቆማል፣ ስልክ ቤት ይዞት ይቀመጣል። ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ካለው ስልክ ቤት ገብቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆሞ ይጮሃል። ጦርነት ነውና የሚጮኸውን የሚሰማ ሰው ተመደበ።

እኔ ያኔ ወለድኩ፤ የረምላን እናት፣ የመጀመሪያዬን። በእኛ ወገን፣ በአጋሮ በኩል፣ ልጅ ሲወለድም ሆነ መንገደኛ ሲሸኝ ቡና ይታረዳል። አትሳቁ፣ አባባሉ ነው። ጀንፈሉን ከነልብሱ ትወስዱና አፉን በጥርስ ነከስ አድርጋችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ያ ነው መታረዱ። ከዚያ በቅቤ ይበስላል፣ ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል፣ በእንጨት ገበታ ሆኖ ይቀርባል፤ ይበላል እንጂ አይጠጣም። ትልልቆቹ እሱን እያኘኩ ሕፃኑን ይመርቃሉ። ስሙ በኦሮምኛ ቡና ቀላ ይባላል፤ የታረደ ቡና እንደማለት ነው። ቀላ የምትለዋን ቃል ብቻዋን ነጥላችሁ ከወሰዳችኋት ግን "እረዱ" ማለት ናት፣ ለብዙ ሰው የሚነገር ትእዛዝ። በአማርኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቡናው ቀላ ሲባል ደረሰ፣ ለቀማ ይጀመር ማለት ነው። ሦስት ትርጉም፣ አንዲት ቃል። የወንድሜ ሕይወት እዚህች ቃል ውስጥ ገብታ ነው ያልወጣችው።

ተማም አጎት በመሆኑ ደስታው ቅጥ አጣ። ዘመዶቻችን ከአጋሮ እንዲመጡ ሊጠራ ስልክ ቤት ሮጠ። በዚያ በኩል የቆመችው አክስታችን ጆሮዋ ከባድ ነው፣ መስመሩም እንደ ልማዱ ይንኮሻኮሻል። "ቡና ቀላ!" ይላል፣ አትሰማም። "ቀላ! ቀላ!" ይላል። "ቦሩ! ሁንዲ ሃ ዱፉ!" ነገ ነው፣ ሁሉም ይምጣ ማለቱ ነው። ሲጮህ ከሳጥኑ ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ እንዳልኳችሁ አያፍርም። ከውጪ አግዳሚው ላይ ሻምበሉና አወል ተቀምጠዋል።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ስልክ ቤት ኦፕሬተር የነበረች አስካለ የምትባል ሴት ናት፤ የነገረችኝም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሻምበሉ ፈገግ ብሎ "ይሄ ሰውዬ ቡናው ቀላ እያለ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ደረሰ ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ነገሩ በዚያ ሊያልፍ ነበር። ወላሂ ሊያልፍ ነበር! የማያውቀው ሰው ባለማወቁ ወንድሜን ሊምረው ነበር። አወል ነው ያረመው። "አይ ጓድ ሻምበል፣ ኦሮምኛ ነው። ቀላ ማለት እረዱ ማለት ነው።" ሻምበሉ ፈገግታው ጠፋ። "እረዱ? ማንን?" "እሱን አልተናገረም።" "ሌላስ ምን አለ?" "ነገ ነው፣ ሁሉም ይምጣ አለ።" አስካለ ያኔ ኦሮምኛ አታውቅም ነበር። ኋላ የጅማ ሰው አግብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ አማቷ ቡና ቀላ ብለው ሲያቀርቡላት ስሙን ጠየቀች። በነገሯት ጊዜ ገበታውን ገፍታ ስታለቅስ ዋለች። እኔን አፈላልጋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ባትነግረኝ ኖሮ ነገሩን ከመጀመሪያው የጀመረው አወል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ተማም ከሳጥኑ ወጥቶ አወልን ሲያይ "አጎት ሆንኩ እኮ!" ብሎ ሊያቅፈው ዘረጋ አለች አስካለ። ሻምበሉ ነው የመለሰለት። "ለጥያቄ ትፈለጋለህ።" ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማት ምንም አይመስለውም። ለጥያቄ የተወሰደ ሰው ስንት አውቃለሁ፤ ተመልሶ "ይህን ጠየቁኝ" ያለኝ አንድም የለም። ጥያቄ ቢኖርማ ኖሮ አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር። ምንድነው የምታርዱት? በቃ። ማንም አልጠየቀውም።

እኔ አራስ ነበርኩ፣ ከቤት አልወጣም። እናቴ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ቶሎ ገባት። "ቀላ ስላለ ነው አሉ" የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰምታ መጣች፣ ሳቀችም። አዎ፣ መጀመሪያ ሳቀች! "ለዚህ ነው እንዴ? አሁን አሳያቸዋለሁ" አለች። ለእኔ የታሰበውን ጀንፈል አረደች፣ በቅቤ አበሰለች፣ በቆሪ፣ በዚያ በእንጨት ገበታችን ሞላችና በነጭ ነጠላ ሸፍና ጣቢያ ሄደች። አማርኛ አትችልም። ቆሪዋን ሻምበሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በኦሮምኛ "ልጄ እረዱ ያለው ይሄን ነው፤ እነሆ የታረደው፣ ብሉና ልጄን ስጡኝ" አለች። ሻምበሉ ወደ አወል ዞሮ "ምን ትላለች?" አለ። አወል "ስንቅ አመጣሁ ትላለች" አለ። ስንቅ የምትለዋን ቃል እናቴ ታውቃታለች፤ የትኛዋ የእስረኛ እናት ናት የማታውቃት? "ስንቅ አይደለም! ስንቅ አይደለም!" ብላ ጮኸች፣ እሱንም በኦሮምኛ ነው የጮኸችው፣ ሰሚው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሉት። ሻምበሉ አንድ ሁለቱን ቀምሶ "ጥሩ ነው" አለ፣ የቀረውን ጠባቂዎቹ ተሻሙት። አወልም በላ። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ እያየችው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በእጇ ያጎረሰችውን ቡና ቀላ፣ እሷን እያየ አኘከ። የወንድሜን ማስረጃ በሉትና ባዶውን ቆሪ መለሱላት። በማግስቱ ስትሄድ "ተዛውሯል" አሏት። ወዴት? "ተዛውሯል።" ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ከዚያች ቃል በቀር የሰጡን ነገር የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ቤታችን ቡና አልታረደም። ሌሎች ልጆች ወለድኩ፣ ዘመድ ተሸኘ፣ ሠርግም ሆነ፣ ጀንፈል ደጃችን አልገባም። አወል ወዲያው ማዕረግ ተሰጠው፣ ሸቤ በኩል ተመደበ፣ መንግሥት ሲቀየር ደብዛው ጠፋ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው ዓርብ ከሰዓት ከረምላ ጋር ጀንፈሉን ይዤ የተቀመጥኩት። የኔ ጥርስ አልቋል፤ ስለዚህ እየነከሰች ያረደችልኝ እሷ ናት። "አኮ፣ ለማነው?" አለችኝ። "ለእንግዳ።" "ሐጅ ለሚሄዱት ሰውዬ?" "አዎ፣ መንገደኛ ይሸኛል አይደል?" ደስ አላት፣ "አንቺ እኮ ደግ ነሽ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ያቺኑ ቆሪ ከሣጥን አወጣሁ። ጠርዟ ላይ ተሰንጥቃለች፣ ቅቤ ስትጠግብ ግን እንደ ጥንቷ ጠቆረች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ወጣት ፖሊሶች፣ ንፁሕ ልብስ፣ ሁሉም እጃቸው ላይ ስልክ። አለቃቸው ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነስቶ "እማማ፣ ይግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። አወል መድረክ ላይ ነበር። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጢም፤ እንዲያው ሲያዩት ቀርቦ እጁን መሳም የሚያሰኝ። ቀጭኑ አወል ወፍሯል። መነጽሩ ወፍራም ስለሆነ አላየኝም፣ እኔም አልቸኮልኩም። ንግግሩን ጀመረ። "በእኛ ጊዜ ዲሲፕሊን ነበር። ጉቦ አልነበረም። ሕዝቡ መረጃ ይሰጣል፣ እኛም ወዲያው እርምጃ እንወስዳለን። ስህተት አልነበረም አልልም፣ ጦርነት ነው፣ ግን የሰማነውን እንደሰማነው ነው የምናቀርበው። አንድ ቃል አንጨምርም፣ አንቀንስም።" ልጆቹ ይጽፋሉ። የኔ ረምላም ትጽፋለች! ጭኔን ቆንጥጬ ነው የተቀመጥኩት።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ። "ሰዓዳ ነኝ፣ የተማም እህት" አልኩ። አወል መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ፈለገኝ። "ጥያቄ የለኝም፣ ሽኝት ነው ያመጣሁት። ሐጅ ልትሄድ ነው አሉ።" መድረኩ ጥግ ሄጄ ቆሪዋን ፊቱ አስቀመጥኩና ነጠላዋን ገለጥኩ። የቅቤና የጀንፈል ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ከኋላ አንድ ልጅ "ዋው፣ ቡና ቀላ!" ብሎ ጮኸና ግማሹ አዳራሽ በደስታ ሳቀ። ሁሉም ያውቃሉ። የእናታቸው ቤት ምግብ ነው፣ ለምን አያውቁም? ከፊተኛው ረድፍ አንድ ልጅ ግን ግራ ገብቶት ጎረቤቱን ያያል። "አንተ ልጄ፣ ኦሮምኛ ትችላለህ?" አልኩት። "አይ እማማ፣ ከደቡብ ነው የመጣሁት፣ ገና እየተማርኩ ነው።" "ጥሩ። እንግዲህ አወል፣ ይሄ ልጅ ሻምበልህ ነው። ንገረው። ቀላ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሰዓዳ፣ እባክሽ" አለ። "እኔን ተወኝ፣ ልጁን ንገረው። አንድ ቃል አልጨምርም አልቀንስም ብለሃል።" "ቡና ነው። ምግብ ነው፣ በቅቤ የሚሠራ" አለ። "ኤድያ! ያኔ ይቺን ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ በዚያ ሸካራ ድምፁ እየዘፈነ ያሰለቻችሁ ነበር። ለሻምበሉ ያልከውን ነው የጠየቅኩህ።" አለቃቸው ሊነሳ ቃጣው፣ ግን ረምላ ቀድማው ቆማ ነበር። "ይመልሱልን፣ ኦቦ አወል" አለች። ፊቷን አየሁት፤ ያረደችው ለማን እንደሆነ ገብቷታል። አወል አቀርቅሮ "እረዱ ማለት ነው" አለ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልክ ቤቱን፣ ጆሮዋ የከበደውን አክስቴን፣ ባዶውን ቆሪ። "አያችሁ ልጆቼ፣ አልዋሸም" አልኳቸው። "ቃሉ ትክክል ነው፣ መዝገበ ቃላት ብታዩ ይኸው ነው። ውሸታም ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይያዝ ነበር። ከዘመናችን የምትማሩት ነገር ካለ ይሄ ነው፤ ቃል አምጥቶ ትርጉሙን ደብቆ የሚሰጣችሁን ሰው ፍሩት፤ ካልገባችሁ ደግሞ ገበያ ውጡና አንዲት አሮጊት ጠይቁ። ዛሬ ስልኩ በየኪሳችሁ ገብቷል፣ ከሰው ንግግር አንዲት ቃል ቆርጦ የሚልክላችሁ ሞልቷል። ሰውዬው ራሱ ምን ለማለት እንደፈለገ ሳትጠይቁት ሰንሰለት አታንሱ። የያዛችሁትን ደግሞ የት እንዳስቀመጣችሁት ለእናቱ ንገሩ።" ከደቡብ የመጣው ልጅ ማስታወሻውን ዘግቶ አወልን ያየው ነበር።

እዚያ ላይ ብተወው ደግ ሴት እባል ነበር። ግን ደግ ለመባል አልመጣሁም። "ብላ እንጂ" አልኩት አወልን፣ ቆሪዋን ወደሱ ገፋ አድርጌ። "ያኔ በልተሃል አይደል?" አልነካትም። ስብሰባው ተበተነ፣ ልጆቹ እሱን ሳያዩ በጎኑ አልፈው ወጡ፤ እጁን ሊስም የቀረበ አንድም አልነበረም። አልሐምዱሊላህ፣ ይሄን ሳያሳየኝ አልገደለኝም። እንግዲህ እሱ፣ እኔና ረምላ ቀረን። ከወንበሩ ለመነሳት ሞከረ፣ ጉልበቱ እንቢ አለው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። "ሻምበሉ፣ አንተ ለምንድነው የምትጠቅመኝ፣ እስካሁን ያመጣኸው አንድ ነገር የለም ብሎኝ ነበር" አለኝ። "ያን ቀን ነበር ያለኝ። አንድ ነገር ማምጣት ነበረብኝ።" እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ። ለዚህ ነበር? ወንድሜ የሄደው ለዚህ ነበር? የሆነ ትልቅ ቂም፣ የሆነ ጥል ይኖራል ብዬ ነበር የምጠብቀው፤ እሱም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እጄን ያዘና በኦሮምኛ፣ በልጅነት አነጋገራችን ለመነኝ። "ሰዓዳ፣ ናፍ ዲሲ።" በእኛ አገር ይቅር በይኝ ሲባል እንዲህ ነው የሚባለው። አውፍ ካላልኩት ሐጁ ሐጅ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እጄን ከእጁ አወጣሁ።

"ቃል በቃል ልተርጉምልህ?" አልኩት በአማርኛ። "ዲሲ ማለት ተይ ማለት ነው። እሺ፣ ተውኩህ።"

ቆሪዋን አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ይጠራኛል፣ አልዞርኩም። ረምላ ደጅ ላይ ደርሳብኝ ክንዴን ያዘች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አኮ" አለችኝ፣ "ሰውዬው እኮ ተይኝ ማለታቸው አልነበረም። ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ" አልኳት። "እሱም ያውቅ ነበር።"